አድራሻ የሌለው ድረ ገጻችን

እኔ ሰው ሲያመሰግነኝ እንኳ ምን ፈልጎ ይሆን ብዬ የማስብ ሴት ነኝ። ባለቤቴ ይህን ጠባዬን ከመጋባታችን በፊት ያውቀው ነበር። ሽማግሌ በላከ ጊዜ "ይሄ ሁሉ ሴት እያለ ለምን እኔን?" እያልኩ እናቴን ሰላም ነስቻት ነበር። ስለዚህ አንድ ቀን ከሥልጠና ተመልሶ፣ ገና ጫማውን ሳያወልቅ፣ "ድረ ገጽ ልናወጣ ነው" ሲለኝ ምን እንደምመልስለት ሳያውቅ የቀረ አይመስለኝም።

"ማነው እንዲህ ያለህ?" አልኩት።

ያለው የጥቃቅንና አነስተኛ ሥልጠና ሰጪው ነበር። ያኔ ሥልጠና የበዛበት ጊዜ ነው። ነጋዴው ሁሉ አዳራሽ ይጠራና አንዳንድ የታሸገ ውሃ ተሰጥቶት ይቀመጣል። ከዚያ ተወዳዳሪነት፣ የገበያ ትስስር፣ የአመለካከት ለውጥ ሲባልለት ይውልና ውሃውን ጠጥቶ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ባለቤቴ ከዚያ ሁሉ ንግግር ውስጥ መርጦ ድረ ገጹን ይዞልኝ መጣ። አንድ ሰው እጁን አውጥቶ "ለእኛ ለትንንሾቹም ያስፈልገናል ወይ?" ብሎ ጠይቆ ነበር አሉ። መልሱ "ያለ እሱ መኖር አትችሉም" የሚል ነበር። እኛ ግን ያለ እሱ ስንኖር ነው የኖርነው። መኖር ያቃተን በሌላ ምክንያት ነበር።

ሱቃችን ሶዶ፣ አሮጌው መናኸሪያ አጠገብ፣ በአንድ የሱቅ መደዳ ውስጥ ነበረች። የከፈቷት አማቼ ናቸው። በጎረምሳነታቸው ከጉራጌ ደጋ መጥተው፣ ልብስ ስፌት ተምረው፣ ወላይትኛውንም ከአገሬው እኩል አቀላጥፈው እዚሁ የቀሩ ሰው ነበሩ። የሚሰፉት ዱንጉዛ ነው፤ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር መስመር ያለው የወላይታ ጨርቅ። ከሞቱም በኋላ ባለቤቴ ያንኑ ሥራ ያዘ። ዘመን መለወጫችን ጊፋታ ሲቃረብ ከቤሌ፣ ከዲምቱ፣ ከአረካ የሚመጣ ሰው በራችንን ይሞላው ነበር።

ገጠር ያለ ሰው ለቤተሰቡ ልብስ ሲያሰፋ ቤተሰቡን በሙሉ አሳፍሮ አይመጣም። ክር ይዞ ይመጣል። ይህን ያስለመዱት አማቼ ናቸው። ከክሩ ጫፍ እስከ መጀመሪያው ቋጠሮ ያለው የትከሻ ልክ ነው፤ እስከ ሁለተኛው የእጅጌ፤ እስከ ሦስተኛው የቁመት፤ ሙሉው ክር ደግሞ የደረት ዙሪያ። አባወራው የልጆቹን፣ የሚስቱንና የወንድሙን ክር እጁ ላይ ጠምጥሞ ከአውቶቡስ ይወርዳል፤ እኛ ቤት ሲደርስ እየፈታ ጠረጴዛው ላይ ይዘረጋዋል። ክሩን እዚያው ሆነን እንለካለን፣ እንቆርጣለን፣ እንሰፋለን። በዚህ ሁኔታ መልኩን አይተነው የማናውቀውን ስንቱን ሰው አልብሰናል።

አማቼ የክሩን ነገር ለሁለት ሰው አስተምረዋል። አንዱ ልጃቸው፣ ባለቤቴ ነው። ሁለተኛው እጃቸው ሥር ሙያ የተማረ ሰው ነበር። ሙያው ሲጠናለት ከሁለቱ የእግር የስፌት መኪኖቻቸው አንዷን መርቀው ሰጡት። መኪናዋ አንድ አመል አላት፤ በዞረች ቁጥር አንዴ ቀጭ ትላለች። ሰውየው እያመሰገነ ተቀበለና ሄዶ የራሱን ሱቅ ከፈተ። የት ከፈተ? ከእኛ አጠገብ፣ ግድግዳ ለግድግዳ፣ ያውም ከመናኸሪያው የሚወጣ ሰው መጀመሪያ እሱን በሚያገኝበት በኩል! አማቼ ሳቁ፣ "ልጅ ከአባቱ አጠገብ ይቀመጣል" አሉ። እኔ ያኔ ገና ሙሽራ ነበርኩ፤ ግን ነገሩ ሸተተኝ። ሶዶን የምታህል ከተማ ቦታ ጠፍቶባት ነው?

ከዚያ ወዲህ ከዚህ ጎረቤታችን ጋር ለዓመታት ከሰላምታ ያለፈ ቃል አልተለዋወጥንም። እኔ "እርስዎ" ነበር የምለው። ለአክብሮት አልነበረም፤ እንዲርቀኝ ነው። ደንበኛ ሲቀንስብን ጆሮዬን ግድግዳው ላይ አድርጌ የመኪናዋን ቀጭታ አዳምጣለሁ። ቀጭ ቀጭ የምትለው በርከት ካለ ደንበኞቻችንን እንደወሰደ አውቃለሁ፤ ወይም አውቃለሁ ብዬ አስባለሁ። ባለቤቴ "ተይው ይሥራበት፣ ሁላችንም የምንበላው እንጀራ ነው" ይለኛል። እሱ እንዲህ ሲል ይበልጥ ደሜ ይፈላል።

ታዲያ መንገዱ ሊሰፋ ነው ተባለና አንድ ጠዋት በሱቆቹ ግንብ ላይ ቀይ ቀለም ተቀብቶ አገኘነው። የሚፈርሱት ናቸው። ቀለሙ ከመደዳው ወዲያኛው ጫፍ ጀምሮ ሱቁን ሁሉ እያዳረሰ መጥቶ፣ የእኛንም በር ቀብቶ፣ እዚያው ቆመ። የጎረቤታችን በር ላይ ጠብታ የለም። "መንገዱ እዚያ ጋ ስለሚታጠፍ ነው" ተባልን። እኔ ወጥቼ አየሁ፤ ምንም የሚታጠፍ ነገር አላየሁም። እስከ ዛሬም አላየሁም።

ከወፍጮ ቤት ጀርባ፣ ወደ አረካ መውጫ ከሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ፣ አረንጓዴ በር ያለው ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራየን። ዱቄቱ ጨርቁ ላይ ያርፋል፤ ወፍጮው ሲነሳ ሰው ለሰው አይሰማማም። በፈረሰው ሱቃችን ቦታ ላይ ወደ አረካ መውጫ ተዛውረናል የሚል ታፔላ ተከልን። በነጋታው ታፔላው የለም። ማን እንደነቀለው ለማወቅ አልተቸገርኩም፤ ከጎረቤታችን ሌላ ማን ይነቅለዋል?

ደንበኛ ጠፋ። ክር የያዘ ሰው በራችን ላይ መቆም ተወ። ባለቤቴ ቀኑን ሙሉ መኪናው ላይ ተቀምጦ የጎረቤት ዩኒፎርም ይጠጋግናል። በመጨረሻ አንድ ቀን ፊቱን ወደ መስኮቱ እንዳዞረ "ጊፋታ እንዲህ ካለፈን ሐዋሳ እሄዳለሁ። ፋብሪካ ውስጥ ሰፊ ይፈልጋሉ" አለኝ። የአባቱን መኪና ሸጦ፣ ቤቱን መልሶ፣ እኔን እናቴ ዘንድ ትቶ ማለቱ ነው።  ፈራሁ። በሕይወቴ ብዙ ሰው ጠርጥሬያለሁ፤ እሱን ግን ይሄዳል ብዬ ጠርጥሬው አላውቅም ነበር።

የድረ ገጹ ነገር የመጣው በዚህ መሀል ነው። ስለዚህ ባልወድም እሺ አልኩ።

የሚሠራልን ኮምፒውተር እያስተማረ ሲዲ የሚገለብጥ አንድ ጎበዝ ወጣት ነበር። ላፕቶፑን የመቁረጫ ጠረጴዛችን ላይ ዘርግቶ "እትዬ፣ ሱቃችሁን ዓለም በሙሉ ያየዋል" አለኝ።

"ዓለም በሙሉ ከእኔ ሱቅ ምን ይፈልጋል?" አልኩት።

ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

"በመጀመሪያ የልብሶቹን ፎቶ እናንሳ" አለ።

"አይሆንም። ሞዴሉን አይቶ የሚሰፋ አለ።"

"እሺ፣ ዋጋውን እንጻፍ።"

"ዋጋውን አይቶ በአንድ ብር የሚቀንስ አለ።"

"እሺ፣ የእርስዎንና የጋሼን ፎቶ።"

"የእኔ ፊት ኢንተርኔት ላይ ምን ይሠራል?"

ባለቤቴ አንገቱን ደፍቶ ክር ያጠነጥናል። ወጣቱ ተስፋ ሳይቆርጥ "ስልክ ቁጥርስ?" አለ። ስልኩን የከለከልኩበትን ምክንያት ዛሬ ሳስበው እኔንም ያስቀኛል። ያ ጎረቤታችን ሰው እያስደወለ ዋጋችንን ይጠይቃል ብዬ ነው። የበራችንንም ነገር ከለከልኩ፤ ታፔላው የተናገረው የአረካን መውጫ ብቻ ነው፤ ይሄ ሰው በራችንን ካወቀ እዚህም ተከትሎን ግድግዳ ለግድግዳ ይከፍታል።

ወጣቱ እጁን ከላፕቶፑ ላይ አነሳና "እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ይሄ ድረ ገጽ ሳይሆን የተዘጋ በር ነው" አለኝ። ቢሆንም ሠራው። መኪናችን ጨርቅ እንደተከናነበች ከኋላዋ ፎቶ ተነሳች። ከሥሯ "እንኳን ደህና መጡ። ጥራት ያለው የዱንጉዛ ልብስ እንሰፋለን። ወላይታ ሶዶ" የሚል ተጻፈ። ሌላ ምንም የለም። እታች ጥግ ላይ ብቻ ስንት ሰው ገብቶ እንዳየው የሚቆጥር ትንሽ ነገር አደረገበት።

ባለቤቴ ኢንተርኔት ቤት ወሰደኝና አሳየኝ። ገጹ ከላይ ወደ ታች ቀስ እያለ ሲወርድ መጀመሪያ የመኪናችን ልብስ ጫፍ፣ ከዚያ ግማሿ ታየ፤ እግሯ ጋ ሲደርስ መብራት ጠፋ። እኔ ደስ አለኝ። እሱ መብራቱ እስኪመጣ እንጠብቅ ብሎ አስቀመጠኝ።

ከዚያ በኋላ ባለቤቴ ቁጥሩን ለማየት ይመላለስ ጀመር። "ጨመረ!" እያለ ይመጣል። ሰው እያየን ነው። እኔ ደግሞ ጥርጣሬዬ በረታ። ስልክ የሌለው፣ ዋጋ የሌለው፣ የተከናነበች መኪና ብቻ ያለበትን ነገር ማነው ደጋግሞ የሚያየው? ደህና ሰው ነው? "አንቺ ሴትዮ፣ ሰው ሲያይሽም ትጠረጥሪያለሽ፣ ሳያይሽም ትጠረጥሪያለሽ" አለኝ።

ክረምቱ ሲወጣ፣ ጊፋታ ሲቃረብ፣ ያልጠበቅነው ነገር ሆነ። አንድ ጠዋት አረንጓዴው በር ተንኳኳ። ስከፍተው ክር የያዘ ሰው ነው። ከሰዓት በኋላ ሌላ መጣ። በነጋታውም እንዲሁ። ባለቤቴ መሬት አልበቃውም። ገና ሰው ሲገባ ወደ እኔ ዞሮ "አየሽ?" ይለኛል። "አየሽ ድረ ገጹን?"

እኔ አላየሁም። ድረ ገጹ ላይ ወፍጮ ቤት የሚል የለም። አረንጓዴ በር የሚል የለም። እንግዲህ እነዚህ ሰዎች በምን አገኙን? ባለቤቴ በደስታው ይህን ለመጠየቅ ጊዜ አላገኘም፤ እኔ ግን ለሌላ ነገር ጊዜ አልነበረኝም።

ከቤሌ የመጣች አንዲት እናት ክሮቿን ስትፈታ ጠጋ አልኳት። "እናቴ፣ ዌብሳይታችንን አይተው ነው የመጡት?"

"ዌብሳይት ምንድናት?" አለችኝ። "እኔ በአውቶቡስ ነው የመጣሁት።"

"ቤታችንን ማን አሳየዎት ማለቴ ነው።"

"ሱቁ ፈርሳለች። እዚያ ቆሜ ሳይ ሰውዬ መጣ። ሂጂ፣ ሂጂ አለኝ። ወፍጮ ቤት፣ አረንጓዴ በር አለኝ። ሰውዬው ተቆጥቷል። ምን አደረግኩት?"

"አንገቱ ላይ ሜትር አለ?"

"አለ።"

ጎረቤታችን!  የበራችንን ቀለም ማን ነገረው? እኛ አልነገርነውም። መጥቶ አይቶናል ማለት ነው። ደግሞስ እሱ ለእኛ ሰው የሚልክ በምን ዕዳው ነው? ሌሊቱን ሳሰላው አደርኩና አንድ መልስ ላይ ደረስኩ። የማይጠቅሙትን እየመረጠ ይልክልናል፤ ደህና ደህናዎቹን፣ ለቤተሰብ በሙሉ የሚያሰፉትን፣ ሰርግ ያላቸውን፣ እሱ ያስቀራል። እኛም የተላኩልንን እያየን እንድንሞኝ። ባለቤቴ ይህን ስነግረው "እንዲህ ያለ ተንኮል እሱ አይችልበትም፣ አንቺ ነሽ የምትችይበት" ብሎኝ ወደ ሥራው ተመለሰ።

በገበያው ቀን ነጠላዬን እስከ ቅንድቤ ተከናንቤ አሮጌው መናኸሪያ ሄድኩ። ከጎረቤታችን ሱቅ ፊት ለፊት ጁስ ቤት አለ። አቮካዶ አዘዝኩና ከመጋረጃው ጀርባ ተቀመጥኩ። ጁሱን አልጠጣሁትም፤ እያየሁት ጠቆረ።

ብዙ ሳልቆይ አንድ ጎልማሳ ክሩን እጁ ላይ ጠምጥሞ መጣና ሱቃችን የነበረበት ቦታ ላይ ቆመ። አፈሩን ያያል፣ ግራ ቀኝ ያያል። ተነስቼ ልጠራው ስል ጎረቤታችን ከሱቁ ዘሎ ወጣ። መንገዱን በዓይኑ ቃኘ፤ ሰው እንዳያየው እንደሚፈራ ያስታውቃል። ከዚያ ሰውየውን ክንዱን ይዞ እየጎተተ ወደ ውስጥ አስገባው።

ያዝኩት አልኩ በልቤ። ያን ሁሉ ዓመት የተጠራጠርኩትን በዓይኔ አየሁ። አስፋልቱን እንዴት እንደተሻገርኩ አላውቅም፤ አንድ ባጃጅ ጮኸብኝ። ነጠላዬ ከራሴ ወርዶ፣ የሱቁን መጋረጃ ልበጥሰው ምንም ሳይቀረኝ ገባሁ።

ጎረቤታችን የመቁረጫ ጣውላው ላይ በጠመኔ መንገድ እየሳለ ነበር። "ይሄ ወፍጮ ቤት ነው። ታልፈውና ወደ ግራ። አረንጓዴ በር። አሁኑኑ ሂድልኝ" ይለዋል ሰውየውን። ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። ጠመኔው ከእጁ ወደቀ።

"መጣሽ?" አለኝ። "በገዛ እግርሽ መጣሽ? በይ ሰላይሽን ይዘሽልኝ ሂጂ!"

 ስድቤን ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር የገባሁት፤ ቀደመኝ።

"የምን ሰላይ?" አልኩ።

"አታውቂም! ሱቃችሁ ከፈረሰ ጀምሮ ክር የያዘ ሰው በሬ ላይ ይቆማል። ይገባና ኮቱ በስንት ነው፣ ለጊፋታ ይደርሳል ወይ፣ ጨርቁ ከየት ነው ይለኛል። የእናንተ ደንበኛ የእኔን ዋጋ የሚጠይቀኝ ለማን ሊነግር ነው? እኔ ሞኝ ነኝ? አንድ ቃል ሳይሰሙ ወደ ላከቻቸው እመልሳቸዋለሁ።"

"የእኛ ደንበኛ መሆናቸውን በምን አወቁ?"

"በክሩ ነዋ! ያንን ቋጠሮ ከአባታችን የተማርኩት እኔ አይደለሁም?"

አባታችን አለ። አማቼን ማለቱ ነው። እንዲህ ሲላቸው ሰምቼው አላውቅም ነበር።

"አረንጓዴ በር መሆኑንስ?"

"መጥቼ አየኋ! ባላጋራዬ የት እንደገባ ልወቅ እንጂ። ደግሞ ያ ዌብሳይታችሁ!" ድምፁ ከፍ አለ። "ወሬውን ሰምቼ ኢንተርኔት ቤት ሄጄ ከፈትኩት። ምንም የለበትም። ስልክ የለ፣ ዋጋ የለ፣ ሰው የለ። ከፍሎ ምንም የሌለበት ነገር የሚያወጣ ሰው ሌላ ነገር ቢያስብ ነው ብዬ ተመልሼ ሄጄ አየሁት። አሁንም ምንም የለም። ዛሬ የደበቁትን ያወጡት ይሆናል እያልኩ ስመላለስ ከረምኩ!"

ባለቤቴ ጨመረ እያለ የሚፈነድቅበት ቁጥር ትዝ አለኝ። ዓለም በሙሉ ያየዋል ያለኝ ወጣትም ትዝ አለኝ። ዓለም በሙሉ ከእኔ ጋር ግድግዳ ለግድግዳ ሲሰፋ የኖረ አንድ ሰው ነበር። ዓይኔን ከሱ ላይ ሳነሳ ግድግዳው ጥግ የቆመ ነገር አየሁ።

"ታፔላችን!" አልኩ።

"ግሬደሩ ጥሎት አነሳሁት።"

"ታዲያ ለምን አላመጡልንም?"

"ነቅሎ ወሰደው ልትዪኝ?" አለኝ። ብዬማ ነበር።

ከዚያ ዓይኑን ጠበብ አድርጎ አየኝ። "እስቲ እውነቱን ንገሪኝ" አለኝ። "ልከሻቸዋል ወይስ አልላክሻቸውም?"

እዚህ ላይ ነው ነገሩ ሁሉ በአንዴ የገባኝ። ልኬያለሁ ብል ይህ ሰው እስከ ጊፋታ ክር የያዘውን ሁሉ እየገፋ ወደ እኛ ይልካል። ቤታችን ይሞላል፤ ባለቤቴ ሐዋሳ አይሄድም። አልላክኩም ካልኩ ደግሞ ከነገ ጀምሮ ክሩን እየፈታ ራሱ ይለካል፤ ያውቅበታል። ሰላይ መባል ምን አላት? ስሜ ድሮም በመጠርጠር የጠፋ ነው። ልኬያለሁ ልል ከንፈሬን አላቀቅኩ።

ያ ጎልማሳ ግን እስካሁን መሀላችን ቆሞ አንዴ እሱን አንዴ እኔን ሲያይ ነበር። "እኔ ሰላይ አይደለሁም" አለ ቀስ ብሎ። "ከዲምቱ ነው የመጣሁት። የልጄ ሰርግ ናት። ልብስ ላሰፋ ነው። ምን አጠፋሁ?" ይህን እያለ ክሩን ከእጁ ላይ ይፈታል። ሊጥለው እንደሆነ ገባኝ። የልጁ ትከሻ፣ የልጁ እጅጌ፣ የሚስቱ ቁመት መሬት ላይ ሊወድቅ ነው።

"አልላክኩትም" አልኩ። "ማንንም አልላክኩም። በአባታችን አፅም!"

ጎረቤታችን መኪናዋ አጠገብ ያለው በርጩማ ላይ ተቀመጠ። እጁን ራሱ ላይ ጫነ። "እኔው!" አለ። "በገዛ እጄ! ያ ሁሉ ሰው! ጊፋታ እየደረሰ!" ሳቄ መጣ፤ ግን ሳልስቅ ቀረሁ፤ ምን እንደጣልኩ አውቃለሁ። ታፔላውን ተሸከምኩና ወጣሁ። የዲምቱው ሰውዬ ክሩን መልሶ እየጠመጠመ ተከተለኝ።

ለባለቤቴ ሁሉንም ነገርኩት። "ድረ ገጹ አልነበረም ማለት ነው?" አለ። ከንግግሬ ሁሉ የያዘው እሱን ብቻ ነው። አሳዘነኝ። "ያንን ወጣት ጥራውና ስልኬን ይጻፍበት" አልኩት። "ወፍጮ ቤቱንም ይጻፍ። አረንጓዴውን በርም።"

"ዋጋውንስ?"

"ዋጋው ይቆይ።"

ተጻፈ። ስልኩን ከጎኔ አልለየውም ነበር፤ ወፍጮው ሲጮህ እንዳያመልጠኝ እጄ ላይ ይዤው እውላለሁ። አልጮኸም። ክር የያዘ ሰውም መምጣቱን አቆመ። የት እንደቀሩ ለማወቅ ጁስ ቤት መሄድ አላስፈለገኝም። ጊፋታ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ባለቤቴ ሻንጣውን ከቁም ሳጥኑ ላይ አውርዶ አቧራውን ጠረገ።  እኔ ጓሮ ወጥቼ አለቀስኩ። እውነት ተናግሬ ይሄ ከሆነ ለምን ተናገርኩ እያልኩ አለቀስኩ።

ሻንጣው በወረደ በሁለተኛው ቀን ስልኩ ጮኸ። የማላውቀው ቁጥር ነው።

"ሄሎ፣ ልብስ ሰፊ ቤት ነው?" አለኝ አንድ ቀጭን ድምፅ። "ዱንጉዛ ኮት በስንት ትሰፋላችሁ?"

ከድምፁ ጀርባ አንድ ነገር ቀጭ ይላል። ቆይቶ ደግሞ ቀጭ። እያወራም መርገጡን አልተወም። ያንን ድምፅ ግድግዳ ላይ ጆሮዬን ለጥፌ ያዳመጥኩት እኔ ነኝ፤ ከሺህ መኪና መሀል እለየዋለሁ። ጊዜው ደረሰ፣ ያልኩት ሁሉ ይኸው ደረሰ አልኩ። ልዘጋበት ፈለግኩ። ልዋሽም ፈለግኩ። ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ትክክለኛውን ዋጋ ነገርኩት።

 "ከእኛ ጋር እኩል ነው" አለ፤ እንዳመለጠው ገባኝ። ቀጭታው ቆመ። ሲቀጥል ድምፁን ማቅጠን ትቶ ነበር።

"እስካሁን የመጡትን ሰፍቼላቸዋለሁ። አልደብቅሽም" አለኝ።

"አውቃለሁ።"

"አንዲት ሴትዮ እዚህ በሬ ላይ ቆማለች። ከቤሌ ነኝ ትላለች። ሙሉ ክንዷን በክር ጠምጥማ ነው የመጣችው፤ የቤተሰብ ነው። ግቢ ብላት የአባትየውን ቤት ነው የምፈልገው ትለኛለች።" ቀጭታው እንደገና ጀመረ። "ወፍጮ ቤቱን አልፋ ወደ ግራ ነው፣ አይደለም?"

"አንተ ታውቀው የለ" አልኩት። አንተ አልኩት፤ ካልኩ በኋላ ነው ያወቅኩት።

"አዎ፣ አውቀዋለሁ" አለና ዘጋው።

ባለቤቴ ከመኪናው ላይ ቀና ብሎ "ማነው?" አለኝ።

"ድረ ገጹን ያየ ሰው ነው" አልኩት።

መቀሱን አስቀምጦ ወደ ሻንጣው አየ፣ ከዚያ ወደ እኔ። ጎረቤታችን ምን ፈልጎ ይሆን የሚለው ሐሳቤ ግን እንደ ልማዱ ወዲያው መጣ። ሥራ በእጁ ሞልቶበት ነው? ወይስ ሊያዘናጋኝ?  ሴትየዋ እንዳታልፈን ተነስቼ አረንጓዴውን በር ወለል አድርጌ ከፈትኩት።